ሀከሩን ማን ጠራው? የቤት ኮምፒውተር ደህንነት ከደሴ ሲታይ

ደሴ ፒያሳ ካሉት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች በአንዱ ትንሽ የተቀመጠ ሰው «የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ሳይሰማ አይወጣም። ጥያቄው ክፋት የለውም። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ግን ያሳስታል። ለጠያቂው የሚታየው ሩቅ አገር ቁጭ ብሎ ኮምፒውተሩን ሰብሮ ለመግባት የሚታገል ሰው ነው። አንቲቫይረሱ ያንን ሰው ካባረረለት ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

እኔ እስከማየው ድረስ ግን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ፣ ቤት ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ባዕድ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ሰብሮ አይደለም። ተጠርቶ ነው። የሚጠራው ባለቤቱ ነው፤ ካልሆነ ልጁ፣ ካልሆነም ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደረገው ባለሙያ። ይህን ካላየን የምንገዛው አንቲቫይረስ ሁሉ ብር ማባከን ነው።

ሌላው የተለመደ ንግግር «እኔ ምን አለኝና ይሰርቀኛል?» የሚለው ነው። እስቲ ኮምፒውተሩን ከፍተን እንይ። ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት የላከችው የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ አለ። የቤት ካርታው ስካን ተደርጎ ተቀምጧል። የእድሩ አባላት ዝርዝር ከነስልክ ቁጥራቸው አለ። የሱቁ ሂሳብ በኤክሴል ተሠርቷል። ብራውዘሩ የኢሜይሉን ፓስወርድ መዝግቦ ይዟል። ቴሌግራሙም ክፍት ነው። ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢሆን እንኳን ወደ ገንዘቡ የሚወስደው መንገድ እዚህ አለ። ቴሌግራማችሁን የያዘ ሰው በእናንተ ስም ለዘመድ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ በቴሌብር ትንሽ ላኩልኝ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ወሎ ውስጥ ደግሞ እንዲህ የተባለ ዘመድ ብዙ አይመረምርም። ይልካል።

«ማን እኔን ይፈልገኛል?» የሚለው ግን በአንድ በኩል ልክ ነው። በስም የሚፈልጋችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። የሚፈልጋችሁ ማሽን ነው። በተለመደው የኢንተርኔት አሠራር ያሉት የአይፒ አድራሻዎች፣ ማለትም መሣሪያዎች ኢንተርኔት ላይ የሚለዩባቸው ቁጥሮች፣ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ብዙ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜድማፕ የተባለ ፕሮግራም ሠርተው ይህን ሁሉ አድራሻ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳይተዋል። ያውም በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ፈጣን መስመር። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ሐይቅ ከተማ ያለ ላፕቶፕና ኒውዮርክ ያለ ሰርቨር እኩል ናቸው። ደክሞት አይተዋችሁም፣ ንቆም አያልፋችሁም።

ታዲያ ሁላችንም በየቀኑ ለምን አንጠለፍም? አንዱ ምክንያት ራውተሩ ነው። ቤት ውስጥ ራውተር ካለ፣ ወይም በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ኮምፒውተራችሁ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ለኢንተርኔት የተጋለጠ አይደለም። ራውተሩ አንዷን የውጭ አድራሻ ለቤቱ ዕቃዎች ሁሉ ያካፍላል። ከውስጥ ማንም ያልጠየቀው ነገር ከውጭ ሲመጣ ለማን እንደሚሰጠው ስለማያውቅ ይጥለዋል። ይህ አሠራር ኤንኤቲ ይባላል። የተፈጠረው አድራሻ ለመቆጠብ እንጂ ለጥበቃ አልነበረም፤ ጥሩ ዘበኛ ግን ወጣው።

የዚህ ዘበኛ ድክመት ከውጭ መጥቶ የሚያንኳኳውን ብቻ መከልከሉ ነው። ከቤት ወጥቶ እንግዳ ይዞ የሚመለሰውን ልጅ «ማነው አብሮህ ያለው?» ብሎ አይጠይቅም። የዛሬ የስለላ ፕሮግራሞች ደግሞ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንዴ ከተጫኑ ራሳቸው ወደ ውጭ ግንኙነት ይከፍታሉ። ለራውተሩ ይህ ዩቲዩብ ከመክፈት አይለይም።

ከውጭ የሚመጣን ያልተፈለገ ግንኙነት የሚከለክለው የዊንዶውስ ፋየርዎልም እንዲሁ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ.፣ ከኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 ጀምሮ፣ ሳይነኩት በርቶ ነው የሚመጣው። ዋናው ነገር አለማጥፋት ነው። በካፌ፣ በሆቴል ወይም በካምፓስ ዋይፋይ ስትገናኙ ዊንዶውስ «ፐብሊክ ነው ፕራይቬት?» ብሎ ሲጠይቅ ፐብሊክ በሉት። ያኔ ኮምፒውተሩ አጠገቡ ላሉት ራሱን አያሳይም፤ ፋይልም አያጋራም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ክራክ፤ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፍሉ የሚያስጠቅመው ማስከፈቻ።

የዊንዶውስ ሆም ፈቃድ አሜሪካ ውስጥ በ139 ዶላር ይሸጣል። እዚህ ለጀማሪ መምህር ይህ ከወር ደሞዙ በላይ ነው። ስለዚህ ማንም አይገዛም። ጥገና ቤቱ በአንድ ፍላሽ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ፎቶሾፑንና ማስከፈቻውን ይዞ ይጠብቃል። ማስከፈቻው ሲጫን የሚሰጠው የመጀመሪያ ትእዛዝ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ነው። እናጠፋለን። ከዚያ ምን እንደሠራ የማናውቀውን ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን እናስኬዳለን። ከሩቅ የመጣ ሀከር ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

ሁሉም ክራክ ቫይረስ ነው አልልም። እንዲያ ብል ክራክ ተጠቅሞ ምንም ያልሆነ አንባቢ ጽሑፉን እዚህ ጋ ይዘጋዋል፤ እውነትም አይሆንም። ችግሩ ደህናውን ከክፉው የምንለይበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ደህናውም ክፉውም «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላሉ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በግለሰብ ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት ከታዩት ፋይል ቆላፊዎች አንዱ ስቶፕ ወይም ዲጃቩ የሚባለው ነው። ዋና መንገዱ እንዲህ ያለ የክራክ ፋይል ነው። ፎቶውንም ሰነዱንም ቆልፎ በዶላር ቤዛ ይጠይቃል።

የባሰው ግን ድምፅ የሌለው ዓይነት ነው። ምንም አይቆልፍም፣ ምንም አያበላሽም። በደቂቃዎች ውስጥ ብራውዘሩ የያዛቸውን ፓስወርዶችና ኩኪዎች ቀድቶ ይልካል። ኩኪ ማለት ፌስቡክ ወይም ጂሜይል አንዴ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ደጋግሞ እንዳይጠይቃችሁ የሚሰጣችሁ ማለፊያ ነው። ሌባው እሱን ይዞ ሲሄድ ፓስወርድም፣ በስልክ የሚላክ ኮድም ሳይጠየቅ ሊገባ ይችላል። «ኮድ ሳልሰጥ እንዴት ገባብኝ?» ከሚሉት ውስጥ መልሱ እዚህ የሆነ ብዙ ነው።

አሁን ጥገና ቤቶች የማይነግሩንን አንድ ነገር ልናገር። ከዱባይ ተጭኖ የሚመጣው ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ 8 ከወጣ በኋላ የተመረተና ከነዊንዶውሱ የተሸጠ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፈቃድ ቁልፉ ቦርዱ ላይ ተቀርጾ ነው የሚመጣው። ያው እትም ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ወርዶ በንጹሕ ሲጫን፣ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ በራሱ ሕጋዊ ይሆናል። እኛ ግን ሆም የነበረውን አጥፍተን «ፕሮ ይሻላል» ተብለን ክራክ እናስጭናለን። የተከፈለበትን ጥለን የተሰረቀ እናስገባለን። ስለዚህ ፎርማት ስታስደርጉ መጀመሪያ የነበረውን እትም ጠይቁና እሱኑ አስጭኑ። ለኦፊስ ደግሞ ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ፤ በአማርኛ ይጻፍበታል፣ የዎርድ ፋይልም ይከፍታል። የገጹ አቀማመጥ ትንሽ ሊዛባ ይችላል፣ ይህን አልክድም። ለእድር ደብዳቤ ግን ይበቃል።

ጥገና ቤት ካነሳን ኤኒዴስክ የሚባለውንም እናንሳ። ቲምቪወርም ያው ነው። ሁለቱም ጥሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ባለሙያው ቤቱ ሆኖ የእናንተን ኮምፒውተር እንዲያስተካክል ያስችሉታል። «ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ድካም የለብዎትም፣ ከዚሁ ሆኜ አየዋለሁ» ይላል ልጁ። ጋሼም ይመርቁታል። ልጁ በቅንነት ነው የሚያደርገው። ነገር ግን እሱ በፈለገ ጊዜ እንዲገባ የተተወ ቋሚ ፓስወርድ አለ። ያው ፓስወርድ ለሌሎች ደንበኞችም አገልግሎ ይሆናል። የእሱ ኮምፒውተር ቢጠለፍ፣ ወይም አብሮት የሠራ ሌላ ልጅ ቢያውቀው፣ የሁሉም ቤት ተከፈተ ማለት ነው። ራውተሩም ፋየርዎሉም እዚህ ላይ ምንም አይረዱም፤ ፕሮግራሙን ፈቅደን ያስገባነው እኛ ነን። ሥራው ሲያልቅ ከኮምፒውተሩ ይጥፋ። በሌላ ጊዜ ሲያስፈልግ እንደገና ይጫናል።

እግረ መንገዴን፣ ሕጉም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን ብቻውን ወንጀል ያደርገዋል። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው። ከተፈቀደው በላይ አልፎ መግባትም እዚያው ውስጥ ይጠቃለላል። ፕሪንተር እንዲያስተካክል የተፈቀደለት ሰው የቤተሰብ ፎቶ ሲያገላብጥ ቢገኝ «ፈቅደውልኝ ነው የገባሁት» ማለቱ አያድነውም።

ቀጥሎ አፕዴት አለ። እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ታሪክ ከሌላው ይለያል። መጀመሪያ ግን አፕዴት ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ተነሳ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ይህ ቫይረስ ማንም ፋይል እንዲከፍትለት አልጠበቀም። ዊንዶውስ ፋይል ለማጋራት በሚጠቀምበት አሮጌ አሠራር በኩል ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ራሱ ዘለለ። የሚያስቆጨው የገባበት የዊንዶውስ ቀዳዳ ቀድሞ መታወቁ ነው። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር፤ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ። ከተጠቁት አብዛኞቹ መድፈኛውን ያልጫኑ የዊንዶውስ 7 ማሽኖች ነበሩ።

እኛ ጋ አፕዴት የማይጫነው በስንፍና ብቻ አይደለም። ዳታ ውድ ነው። አፕዴት ደግሞ ሳያስፈቅድ ፓኬጁን ይጨርሳል። ስለዚህ ብዙ ጥገና ቤት ገና ሲጭን አፕዴቱን ዘግቶ ያስረክባል፤ ደንበኛውም ያመሰግናል። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ያኔ ወልድያ ወይም መርሳ የነበረ ላፕቶፕ ለወራት የወጣው መድፈኛ ሁሉ አምልጦታል። ኔት ሲመለስ ሰው ቀድሞ የከፈተው ቴሌግራሙን ነው። ማን ይፈርድበታል? ኮምፒውተሩ ግን ያን ሁሉ ቀዳዳ ይዞ ነው የተገናኘው።

ዳታ የሚቆጥቡ መንገዶች አሉ። ዊንዶውስ 10 እና 11 አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን አፕዴት በዚያው ዋይፋይ ላሉት ሌሎች እንዲያካፍል ማድረግ ይቻላል። ቅንብሩ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ይባላል። እዚያ ውስጥ «በአካባቢዬ ኔትወርክ ላሉ ኮምፒውተሮች» የሚለውን ብቻ ምረጡ። በኢንተርኔት ላሉ ሌሎችም የሚለውን ከመረጣችሁ የእናንተ ዳታ ለማታውቁት ሰው ይሄዳል። ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ ለሚመጣው ዲፌንደር ለተባለው አንቲቫይረስም የቫይረስ መለያ ፋይሉን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ለብቻው አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ያለው ቤት ይህን ሥራ ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል።

የዊንዶውስ 10 ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግለሰቦች የደህንነት መድፈኛ ብቻ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሰጥ የማራዘሚያ ፕሮግራም አለ። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ቅንብሮች ወደ አካውንቱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የሚያደርግ ሰው ሳይከፍል መመዝገብ ይችላል። መጀመሪያ ግን ኮምፒውተሩ 22ኤች2 በተባለው የመጨረሻ እትም ላይ መሆን አለበት። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ለብዙዎቻችን አይሆንም። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ገበያችን ላይ ያሉት አብዛኞቹ ያገለገሉ ላፕቶፖች ከዚያ በታች ናቸው። ለእነሱ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን መሞከር አያስከፋም። ነፃ ነው፣ በአሮጌ ማሽን ላይም ይሄዳል። የለመዱትን ጨዋታና ፎቶሾፕ ግን እንዳትጠብቁበት።

ራውተሩን ወደ ማየት እንመለስ። ጎረቤት የዋይፋይ ፓስወርድ ጠይቆ መከልከል እኛ ዘንድ ነውር ነው። ቡና የጠራነውን ሰው ዋይፋይ እንዴት እንነፍጋለን? እኔም ከልክሉ አልልም። ግን በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ዕቃዎች እርስ በርስ መተያየት ይችላሉ። ዋናክራይ የዘለለው በእንዲህ ዓይነት መስመር ነበር። ብዙ ራውተሮች «ገስት» የሚባል ሁለተኛ ዋይፋይ ይከፍታሉ። እንግዳና ጎረቤት በዚያ ይግባ፤ ኢንተርኔት ያገኛል፣ የቤቱን ኮምፒውተር አያገኝም። ነውርም የለው፣ ስጋትም የለው።

ከዋይፋዩ ፓስወርድ ሌላ የራውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ የራሱ ፓስወርድ አለው። ብዙ ቤት ፋብሪካው የሰጠውን እንደያዘ ነው የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ስልሳ ያህል ከፋብሪካ የሚመጡ ስምና ፓስወርዶችን ብቻ ይዞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማረከ። በጥቅምት ወር በእነሱ ጉልበት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት አናጋ። ደሴ ውስጥ ሱቅና ግቢ ላይ ካሜራ ማስገጠም እየተለመደ ነው። ካሜራውን ከስልክ የሚያዩ ሰዎች ፓስወርዱን ቀይረውት ይሆን? ብትጠይቋቸው አብዛኞቹ የገጠመውን ልጅ ስልክ ነው የሚሰጧችሁ።

ራውተሩ ላይ ደብሊውፒኤስ የሚባል፣ የዋይፋይ ፓስወርድ ሳይጻፍ በፒን የሚያገናኝ ነገር ካለ አጥፉት። ፒኑ ስምንት አሃዝ አለው፤ መቶ ሚሊዮን አማራጭ ያለው ይመስላል። ራውተሩ ግን ለሁለት ከፍሎ ስለሚያረጋግጠው፣ የመጨረሻዋ አሃዝም ከሌሎቹ ስለምትሰላ፣ 11 ሺህ ያህል ሙከራ ብቻ ይበቃል። ይህ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው።

ፓስወርድ ላይ ብዙ አልቆይም። ረጅም ይሁን። አራት አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ተጽፈው ሲደረደሩ፣ ልደትና ስልክ ቁጥር ካለበት ይሻላሉ። የኢሜይሉ ፓስወርድ ሌላ የትም ቦታ አይደገም። ቴሌግራም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ «ዲቫይስስ» የሚለውንም አልፎ አልፎ ከፍታችሁ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጡ። ልጆች በሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የራሳቸውን ተራ አካውንት ክፈቱላቸው፣ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ እናንተ ያዙ። ልጁ የጨዋታ ክራክ ሊጭን ሲል ኮምፒውተሩ ፓስወርድ ይጠይቀዋል። ሁሉንም ክፉ ነገር አያስቆምም፤ ግን እናንተን ሳይጠራ የሚጫነው ነገር በጣም ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ባክአፕ ለምን እንደሚያስፈልግ ወሎ ውስጥ ማስረዳት የለብኝም። በ2014ቱ ጦርነት ፎቶውና ሰነዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ የነበረ ሰው ምን እንደሆነ እናውቃለን። ውጫዊ ዲስክ ላይ ቅጂ ይኑር። ዲስኩ ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ ከዋለ ግን ፋይል ቆላፊው እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። ቅዱና ንቀሉት።

ቀድሞ ገብቶብኛል ብላችሁ ከጠረጠራችሁስ? መዳፊቱ በራሱ ይሄዳል፣ ያልላካችሁት መልእክት ተልኳል፣ ዲፌንደሩ ጠፍቶ አልበራ ብሏል እንበል። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ መቀየር ለሌባው አዲሱን መንገር ነው፤ በሌላ ንጹሕ ስልክ ሥሩ። ከኢሜይሉ ጀምሩ፤ የሌሎቹ ሁሉ ፓስወርድ የሚታደሰው በእሱ በኩል ነውና። ፓስወርዱን ከቀየራችሁ በኋላ «ከሁሉም ዲቫይስ ውጣ» የሚለውን ተጫኑ። አለዚያ የተሰረቀው ኩኪ ሊሠራ ይችላል። ገንዘብ ወይም ስም የተነካ ከሆነ ምንም ሳትሰርዙ ስክሪኑን ፎቶ አንሱና ለፖሊስ አመልክቱ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከማይክሮሶፍት በወረደ ንጹሕ ዊንዶውስ ፎርማት ይደረግ። ከባክአፑ ስትመልሱም ፎቶና ሰነድ ብቻ መልሱ። ፕሮግራምና ማስከፈቻ ያለበትን ፎልደር እዚያው ተዉት።